ከአርባ በግ ስድስት ቀሩ

የዘይነባን ሞት የሰማሁት ከልጄ ከሰብለ ነው። ስድስት ዓመት አንድ ክፍል ውስጥ ፊት ለፊት ተቀምጠን የሠራነው እኔና ዘይነባ ነን፤ ወንድሟ ከአልዩ አምባ የደወለው ግን አዲስ አበባ ላለችው ልጄ ነበር። ሰብለ «አባዬ፣ እትዬ ዘይነባ አረፈች፤ ትናንት ከሰዓት በኋላ ቀበሯት» አለችኝ። የሥራ ባልደረባ ሞተ ሲባል መጀመሪያ የሚመጣው ሐዘን መሆን ነበረበት። እኔ ጋ መጀመሪያ የመጣው «ለምን ለእኔ አልደወሉም?» የሚል ነገር ነው። ሐዘኑ ከዚያ በኋላ ደረሰ።

ይህን የጻፍኩት ራሴን ለማዋረድ አይደለም። ስለ ዘይነባ እውነቱን ልናገር ካልኩ ከቅናቴ መጀመር ስላለብኝ ነው። እኔ እሷን ያወቅኋት እየቀናሁ ነው። ቅናት መጥፎ ነገር መሆኑን ለልጆቼ ስናገር ኖሬአለሁ፤ አንድ ነገር ግን አለው፤ የሚቀና ሰው የሚቀናበትን ሰው ከወዳጁ የበለጠ አተኩሮ ያያል።

እኔ ትምህርት ቤት የሄድኩት እስከ ስምንተኛ ክፍል ነው። ደብረ ብርሃን ሬዲዮና ቴሌቪዥን ስጠግን ኖሬ፣ አንድ መሥሪያ ቤት አውጥቶ የጣለውን ኮምፒውተር ፈትቼ ገጣጠምኩና ፕሮግራም መጻፍን መዝገበ ቃላት እያገላበጥኩ ለብቻዬ ተማርኩ። በዚህ እኮራለሁ። «ማንም አላስተማረኝም» የሚለው ቃል በቤቴ እንደ ማዕድ ጸሎት ይደገም ነበር። ሰብለ ዩኒቨርሲቲ ጨርሳ እኔ ያለሁበት ቢሮ ስትቀጠር፣ እንግዲህ ያለኝን ሁሉ ለእሷ አወርሳለሁ ብዬ ነበር።

ሥራችን ለሰሚው ቀላል ነው። በየወረዳው ያሉ የእንስሳት ጤና ባለሙያዎች በስልካቸው አጭር መልእክት ይልካሉ። ሰላ ድንጋይ ይህን ያህል በግ ታመመ፤ አንኮበር ይህን ያህል ተከተበ። መልእክቱን አንብቦ በሠንጠረዥ የሚያሰፍረው ፕሮግራም ነው። ሠንጠረዡን አይቶ ሐኪምና መድኃኒት የሚልከው ደግሞ ኃላፊያችን አቶ ግዛው ነው። መልእክቱን ቃል በቃል ወስዶ ትርጉሙን የሚያወጣውን የፕሮግራሙን ክፍል እኛ ፓርሰር እንለዋለን። የመጀመሪያውን ፓርሰር የሠራሁት እኔ ነበርኩ። «ቁጥር ካየህ በኋላ በግ የሚል ቃል ከመጣ እንዲህ አድርግ» የሚል ዓይነት ትእዛዝ በትእዛዝ ላይ ከምሬ ነበር የሠራሁት። ይሠራል፤ ግን ከዓመት በኋላ እኔው ራሴ ከፍቼ ለማንበብ የምፈራው ነገር ሆኖ ነበር።

ዘይነባ የተቀጠረችው ያኔ ነው። የአልዩ አምባ ነጋዴ ልጅ ናት፤ አንኮበር ብዙ ዓመት ሒሳብ አስተምራለች። የአንኮበርን ብርድ ብትችልም የደብረ ብርሃኑን ስላልለመደችው ሁለት ሹራብ ደርባ ትመጣና ወንበሯን ቀንና ሌሊት በማይጠፋው ትልቅ ኮምፒውተር፣ በሰርቨሩ ሥር አስጠግታ ጀርባዋን ታሞቃለች። «ከባል ይሻላል፤ ያሞቃል፣ አይናገርም» ትላለች። አንድም ቀን በሰዓቱ አትገባም። የሻይ ብርጭቆዋን የትም ትተዋለች። የጻፈችውን ፕሮግራም የሚያብራራ አንዲት መስመር ማስታወሻ አትተውም፤ ይህ ምን ያደርጋል ተብላ ስትጠየቅ «የጻፈችውን ሴትዮ ፈልጉና ጠይቋት» ብላ ትስቃለች። እኔ እነዚህን ጉድለቶች አንድ በአንድ እይዝ ነበር።

መልእክት ሲገባ ግን ድምፅዋን አውጥታ ታነበዋለች፤ ያውም በላኪው አነጋገር። የደጋውን በደጋ፣ የቆላውን በቆላ። መጀመሪያ ቀልድ መስሎኝ ነበር። አንድ ቀን ስጠይቃት «ዝም ብዬ ሳነበው የላከው ሰው ይጠፋና እኔ ብቻ እቀራለሁ» አለችኝ። ፕሮግራም መጻፍ እንዲህ ያለ ነገር እንዳለው የነገረኝ መጽሐፍ አልነበረም። ነገሩ ደስ አለኝ፤ ከእሷ አፍ በመውጣቱ ደግሞ ደስ አላለኝም።

ሃስኬል የሚባለውን ቋንቋ ወደ ቢሮአችን ያመጣችው እሷ ናት። ሁሉ ነገር እንደ ሒሳብ ቀመር የሚጻፍበት፣ አንዴ የተባለ የማይለወጥበት ቋንቋ ነው። አቶ ግዛውን አሳመነችው፤ ሰብለን ለማሳመን አንድ ሳምንት እንኳ አልፈጀባትም። እኔ ኮቴን ለብሼ ወደ ቤቴ እየሄድኩ «ይህን ደግሞ እማራለሁ፤ ማንም አያስተምረኝም» አልኩ። በየማለዳው ከሥራ በፊት እየተነሣሁ በአምስት ወር ተማርኩት። እልህ ጥሩ መምህር ነው፤ ደመወዙን ግን በኋላ ይጠይቃል።

ጠባችን የተጀመረው ፓርሰሩን በምን እንሥራው በሚለው ላይ ነው። በዚያ ቋንቋ ውስጥ ለዚህ ሥራ የተዘጋጁ ብዙ መሣሪያዎች አሉ። አንዱ ሙሉ ሰዋስው ጽፈህ ስትሰጠው ፓርሰሩን ራሱ የሚያመርት ነው። ዘይነባ እሱን አየችና «ለመንግሥት ደብዳቤ ይሆናል፤ ለጣርማ በር ሰው መልእክት አይሆንም» ብላ ተወችው። ሌላው ሲሳሳት የቱ ፊደል ላይ እንደተደናቀፈ አጥርቶ የሚናገር ነው፤ ሰብለ የወደደችው እሱን ነበር። እኔ የመረጥኩት በፍጥነቱ የታወቀውን፣ አቶፓርሴክ የሚባለውን ነው። ይህ መሣሪያ የሰጠኸውን ሕግ በተራ ይሞክራል፤ የተሳካለትን የመጀመሪያውን ይዞ ሌላውን ሳያይ ይሄዳል።

ስሙን ስናገር ዘይነባ እጇን አፏ ላይ ጫነች። «አቶ ፓርሴክ?» አለች። «እኚህ ሰውዬ ከየት ወረዳ ናቸው ጋሽ ምትኩ?» ከዚያ ቀን ጀምሮ በቢሮው ስሜ እሱ ሆነ። ስገባ «አቶ ፓርሴክ መጡ፣ ተነሡ» ትላለች፤ ሰብለም አብራ ትስቃለች። ልጄ በእኔ ስትስቅ ያየሁት ያኔ ነው የመጀመሪያው።

ዘይነባ ራሷ የመረጠችው ማንም የማይመለከተውን ትንሹን መሣሪያ ነበር። ሪድፒ ይባላል፤ ከቋንቋው ጋር አብሮ ይመጣል እንጂ ማንም ፈልጎ አያመጣውም። ይንቀራፈፋል። ሲያቅተው ለምን እንዳቃተው አይናገርም፤ ባዶ እጁን ይመለሳል። አንድ ጠባይ ግን አለው፤ አንድ ጽሑፍ ሁለት ትርጉም ካለው ሁለቱንም ያመጣል፣ ሦስት ካለው ሦስቱንም። የእሷ ሐሳብ አጭር ነበር፤ አንድ ትርጉም ከመጣ ሠንጠረዥ ውስጥ ይግባ፣ ከአንድ በላይ ከመጣ ሰው ስልክ አንሥቶ ላኪውን ይጠይቅ። እኔ ማሽን የምንሠራው ሰው እንዳይደውል አይደለም ወይ ብዬ ተከራከርኩ። እሷ ግን ወደ ሰብለ ዞረች።

«መሣሪያ ስትመርጪ ሲሳካለት አትዪው» አለቻት፤ «ሲሳካለት ሁሉም ያምራል። የማያውቀው ነገር ሲገጥመው ምን እንደሚያደርግ እዪ።»

ሰብለ በደብተሯ ጻፈችው። ማታ እራት ላይ ደግሞ ለእናቷ ነገረቻት። በዚያ ሰሞን ቤታችን ውስጥ «እትዬ ዘይነባ እንዲህ አለች» ሳይባል እንጀራ አይቆረስም ነበር። አንድ ቀን አልቻልኩምና እኔ ከተወለድሽ ጀምሮ የተናገርኩትን አንድ ቃል ጽፈሽ ታውቂያለሽ ወይ አልኳት። «አባዬ፣ አንተ የምትለውን መጻፍ አያስፈልግም» አለች፤ «ትደግመዋለህ።» እናቷ ሳቋን ለመዋጥ ወደ ጓዳ ገባች። እኔም ፈገግ አልኩ፤ ውስጤ ግን ተቃጠለ።

ዘይነባ የማትሳሳት ሴት አልነበረችም። አንድ ጊዜ የሰላ ድንጋዩ ባለሙያ ያለ አንድ ነጥብ፣ ያለ አንድ ክፍተት ረጅም ታሪክ ጽፎ ላከ። ለሙከራ የገባው የእሷ ፓርሰር ትርጉም ሲዘረዝር፣ ከትርጉሙ ትርጉም ሲያወጣ ማሽኑን አሰረው። ሥራ ሁሉ ቆመ። እኔ በሰው ፊት «ወይዘሮ ዘይነባ፣ ስንት ትርጉም ተገኘ?» ብዬ ጠየቅሁ። «ገና እየቆጠረ ነው፤ አትረብሸው» አለች። ተሳቀ፤ ይባስ ብሎ በእኔ ላይ ነው የተሳቀው። ሁለት ቀን ሠርታ ቃሉ ግልጽ በሆነበት ቦታ ሌላ መንገድ እንዳይፈልግ አድርጋ አስተካከለችው። ከዚያ በስብሰባ ላይ «የእኔ ስህተት ነው፤ በሩን ሁሉ ወለል አድርጌ ከፍቼው ነበር» አለችና ሻይዋን ጠጣች። እንዲያ ቀለል አድርጋ አለችው። ከእውቀቷ ሁሉ አብልጬ የቀናሁባት በዚህ ነው። እኔ በሃያ አምስት ዓመት አባትነቴ «የእኔ ስህተት ነው» የሚል ቃል ከአፌ አልወጣም። ልጆቼን ስለ እውነት ስገርፍ እንኳ ያጠፋሁትን አላምንም ነበር።

በመጨረሻ አቶ ግዛው ክርክሩ ሰለቸውና ሁለቱም ፓርሰሮች ይፈተኑ አለ። ፈታኟ ሰብለ ትሁን ተባለ፤ ለማንም የማታደላ ናት ተብሎ ነው። ይህን ሲል እኔ ኮራሁ፤ ያሳደግኋት እኔ ነኝ ብዬ። መፈተኛ የሚሆኑትን የቆዩ መልእክቶች አሰባስቤ የምሰጣት እኔ ሆንኩ፤ መዝገቡ በእኔ እጅ ስለነበረ።

አሁን የማወራው ነገር ከባድ ነው። መልእክቶቹን አንድ በአንድ ሳይ፣ ሁለት ትርጉም ያላቸውን ለይቼ ከፋይሉ አወጣኋቸው። ሠላሳ አንድ ነበሩ። ለራሴ «የተበላሹ መልእክቶች ናቸው፤ በደንብ አልተጻፉም» አልኩት። ሰው ለራሱ የሚናገረው ውሸት እንዲህ ንጹሕ ልብስ ለብሶ ነው የሚመጣው። ካወጣኋቸው መካከል «ቀሩ» የሚል ቃል ያለባቸው ነበሩ። ይህ ቃል በአገራችን አነጋገር ሁለት ፊት አለው። በክትባት ሰሞን «ስድስት ቀሩ» ቢባል ስድስቱ ሳይከተቡ ቀሩ ማለት ነው። በበሽታ ሰሞን «ስድስት ቀሩ» ቢባል ሌላው አለቀ፣ ስድስት ተረፉ ማለት ነው። የእኔ ፓርሰር የክትባቱን ሕግ መጀመሪያ ስለሚሞክር ሁልጊዜ ያንኑ ይዞ ይሄዳል። ይህን አውቅ ነበር። ያላወቅሁ አይደለም።

ሰብለ የሰጠኋትን ፋይል ወስዳ በሐቅ ፈተነች። በስብሰባው ላይ ቆማ፣ ሁለቱም ፓርሰሮች መልእክቶቹን እኩል በትክክል እንዳነበቡ፣ የእኔ ግን በብዙ እጥፍ እንደሚፈጥን ተናገረች። ከዚያ ዘይነባን እያየች «እትዬ፣ ያንቺን ብወደውም ያየሁትን ነው የምናገረው፤ የአባዬ ይሻላል» አለች።  ለመምህሯ ያንን መናገር ምን ያህል እንደከበዳት አየሁ፤ በዚያው ቅጽበት ደግሞ ደስ አለኝ። ልጄን ከእሷ አስመለስኩ ብዬ ነው ደስ ያለኝ።

ዘይነባ ውጤቱን ተቀብላ ረጅም ጊዜ አየችው። «ሰብለ፣ መልእክቶቹን አንቺ ነሽ የመረጥሻቸው?» ብላ ጠየቀች። ልጄ አፏን ሳትከፍት እኔ «እኔ ነኝ ያዘጋጀኋቸው» አልኩ። ዘይነባ ወረቀቱን አስቀመጠችና ወደ እኔ ዞረች። አላፈጠጠችብኝም። አንድ ሰው የቆሸሸ ልብስ ለብሶ ሲያዩት ዓይን እንደሚመልሱለት ዓይኗን መለሰችልኝ። «እንግዲያው ይሁን» አለች።

የእኔ ፓርሰር ተተከለ። ሦስት ወር ያህል ሠራ፤ ፈጣን ነው ተብሎም ተመሰገነ። ከዚያ በክትባት ሰሞን ከጣርማ በር ባለሙያ «ከ40 በግ 6 ቀሩ» የሚል መልእክት ገባ። ፓርሰሬ በቅጽበት አንብቦ፣ ሠላሳ አራት ተከትቧል፣ ስድስት ይቀራል ብሎ በሠንጠረዥ አሰፈረው። አቶ ግዛው አይቶ ጥሩ ነው ብሎ አለፈው። ባለሙያው ግን በሽታ ገብቶ ሠላሳ አራቱ አልቀው ስድስት ብቻ እንደተረፉ ነበር የጻፈው። እርዳታ ይመጣል ብሎ ጠበቀ። ማንም ሳይሄድ ሳምንት አለፈ፤ በሽታውም ወደ ጎረቤት በረት ተሻገረ።

ከዚያ አስካለ የሚባሉ እናት፣ የበጎቹ ባለቤት፣ ተሳፍረው ደብረ ብርሃን ቢሮአችን ድረስ መጡ። የተቀበለቻቸው ሰብለ ናት። መልእክቱ ደርሷችሁ ነበር ወይ ብለው ጠየቁ። ሰብለ ሠንጠረዡን ከፍታ ደርሷል አለቻቸውና የተጻፈውን አነበበችላቸው።

«ተከትቧል?» አሉ ሴትዮዋ። «ልጄ፣ ባለሙያው ስድስት ቀሩ ብሎ ሲጽፍ እኔ አጠገቡ ቆሜ ነበር። ምኑ ነው ያልገባችሁ?»

 ሴትዮዋ አልጮኹም፤ ነጠላቸውን አስተካክለው፣ ስድስቱም ከትናንት በስቲያ እንዳለቁ ነግረውን ሄዱ። እኔ በዚያ ክፍል ውስጥ ነበርኩ። ጠረጴዛዬን ይዤ ቆሜ ነበር።

በሳምንቱ የዘይነባ ፓርሰር ተተከለ። ማንም ማንንም አልወቀሰም፤ ፈተናው ላይ ያልታየ ነገር ነው ተባለ። ሰብለ ግን ራሷን ወቀሰች። ፈትኜ መሰከርኩ፣ የመሰከርኩለት ፓርሰር የሰው ከብት አስፈጀ ብላ እህል አልበላ አላት። ዘይነባ ቤት ሄዳ ይቅርታ ጠየቀቻት። ስትመለስ ምን አለችሽ አልኳት። «ሻይ አፍልታ አጠጣችኝና 'የተሰጠሽን በትክክል ለክተሻል' አለችኝ» አለች። ልጄ ይህን እንደ ማጽናኛ ነው የሰማችው። እኔ ሌላውን ትርጉሙን ሰማሁ።

ሰብለ ከወር በኋላ ሥራ ለቅቃ አዲስ አበባ ሄደች። አንድ ድርጅት ውስጥ የደንበኞች ስልክ የምትመልስበት ሥራ ያዘች። ፕሮግራም መጻፉን እርግፍ አድርጋ ተወችው። ለምን ሲሏት «እኔ ለምስክርነት የማልታመን ሰው ነኝ» ትላለች።

እሷ በሄደች ማግስት ዘይነባ በሕይወቷ አንዴ ከእኔ ቀድማ ቢሮ ገብታ አገኘኋት። ሰርቨሩ ሥር አልተቀመጠችም፤ ቆማ ነበር።

«ጋሽ ምትኩ፣ ለልጅህ ንገራት» አለች። «እኔ አልነግራትም። እኔ ብነግራት አባቷን እወስድባታለሁ። አንተ ብትነግራት ግን ትጣላህ ይሆናል እንጂ አባቷ ትሆናለህ።»

ምን ማለትሽ ነው ብዬ ልክድ አሰብኩ። አልካድኩም፤ ግን አላመንኩምም። ኮምፒውተሬን ከፍቼ ሥራ ጀመርኩ። እሷም ወደ ወንበሯ ሄደች፤ ሁለተኛ አላነሣችውም። ከዚያ በኋላ ባሉት ዓመታት ጠዋት ጠዋት «አቶ ፓርሴክ መጡ» ማለቷን ተወች። «ጋሽ ምትኩ፣ እንዴት አደርክ» ትለኛለች። ያ የቀልድ ስም ይናፍቀኛል ብዬ አስቤ አላውቅም ነበር።

በዚያን ጊዜ ጠላኋት ብል ውሸት አይሆንም። ሥራውን ወሰደች፣ ልጄን ወሰደች፣ አሁን ደግሞ ኃጢአቴን እንኳ እሷ ናት ይዛ የምትጠብቀው ብዬ ነበር። ሰው ክፉ ቢሠራብህ ትበቀለዋለህ። መልካም የሠራብህን ሰው ግን ምን ታደርገዋለህ? ነገ እነግራታለሁ እያልኩ ቆየሁ። ሰብለ ለበዓል ትመጣለች፤ ዛሬ ደስታ ነው አይነገርም እላለሁ። ትሄዳለች፤ በስልክ አይሆንም እላለሁ። ለልጆቼ «የዛሬን ለነገ አትበሉ» ስል የኖርኩት እኔው ነኝ። ዘይነባ ኩላሊቷን ታማ ወደ አልዩ አምባ ስትወርድም ለሰብለ ገና አልነገርኳትም ነበር። ልጠይቃት አንድ ጊዜ ሄጄ፣ ነገርካት ወይ ትለኛለች ብዬ ፈርቼ፣ ሰው በተሰበሰበበት ተቀምጬ ተነሣሁ። እሷም አልጠየቀችኝም።

ከሞቷ በሦስተኛው ቀን ሰብለ ከአዲስ አበባ መጣችና አብረን ለተዕዚያ፣ ለለቅሶው ወረድን። አልዩ አምባ ሞቃት ነው፤ ሹራቤን አውልቄ እጄ ላይ ይዤ ገባሁ። ወንድሟ ኡመር ሰብለን ሲያይ ተነሥቶ አቀፋት። «ስምሽን ሳታነሣ አንድ ቀን አልዋለችም» አላት። እኔን በአክብሮት ተቀበለኝ። «አላህ ይርሐማት» አልነው። ሰብለ ከሴቶቹ ጋር ተቀምጣ አለቀሰች፤ እንደ ልጅ ነው ያለቀሰችላት። እኔ ስሞት እንዲህ ታለቅስልኛለች ወይ ብዬ አሰብኩ። ሬሳ ከወጣ ሦስት ቀን ባልሞላው ቤት ተቀምጬ ያሰብኩት ይህን ነው። ያኔ ራሴ ሰለቸኝ።

ወደ አንኮበር በሚወጣው ሚኒባስ ውስጥ ጎን ለጎን ተቀምጠን ነበር። ዳገቱን ስንጀምር «ሰብለ፣ ያን ጊዜ ለፈተናው የሰጠሁሽ ፋይል ሙሉ አልነበረም» አልኳት።

«የቱ ፈተና?» አለች፤ ጥያቄዋን ሳትጨርስ ግን ገባት።

«ሠላሳ አንድ መልእክት አውጥቼበት ነበር። ሁለት ትርጉም ያላቸውን። አውቄ ነው ያወጣኋቸው።»

«'ቀሩ' የሚል ነበረበት?»

«ነበረበት።»

ወደ መስኮቱ ዞረች። ብዙ መታጠፊያ አለፍን። ከዚያ ሳትዞር «እትዬ ታውቅ ነበር?» አለች። ከስብሰባው ቀን ጀምሮ እንደምታውቅ፣ ንገራት እንዳለችኝ፣ ስንት ዓመት እንዳለፈ ሁሉንም ነገርኳት። የእኔ ስህተት ነው አልኩ። ቃሉ ከአፌ ሲወጣ አስቤው እንደኖርኩት ትልቅ አልነበረም፤ ትንሽ ነገር ነበር።

«አባዬ» አለች፤ ድምፅዋ ዝቅ ያለ ነው። «ሦስት ዓመት እኮ ነው። ሦስት ዓመት የሴትዮዋን በጎች እኔ የገደልኳቸው መስሎኝ ነው የኖርኩት።»

 አንኮበር ላይ ተሳፋሪ ሲወርድ ተነሣችና ከኋላ ከተዕዚያ ከሚመለሱት ሴቶች ጋር ቦታ ተቀያይራ ተቀመጠች። እኔ ጎን አንዲት አሮጊት መጥተው ተቀመጡ፤ ልጅዎ ናት ወይ አሉኝ፤ አዎን አልኳቸው። እስከ ደብረ ብርሃን ወደ ኋላ አልዞርኩም። መናኸሪያ ስንደርስ እናቷን እንኳ ሳትሰናበት የአዲስ አበባ መኪና ላይ ወጣች።

ልጄ ፊት ክብሬን አጥቻለሁ። ያጣሁት ክብር የእኔ እንዳልነበረም አውቃለሁ። ልጆቹን በእውነት አሳድጋለሁ የሚል አባት ይህን ያንብብ፤ እውነት ለልጅ የሚነገር ምክር አይደለም፤ ልጅ ፊት የሚከፈል ነገር ነው። እኔ ዘግይቼ ከፈልኩ። በመዘግየቴም ዘይነባ ሳትሰማ ሄደች።

ከሁለት ሳምንት በኋላ ስልኬ ጠራ፤ ሰብለ ናት። እንዴት ነህ አላለችኝም፤ ጤናም አልጠየቀችኝም። የእትዬ ዘይነባ ፓርሰር ኮድ አሁንም አንተ ጋ ነው ወይ አለች። ነው አልኩ።

«ላክልኝ። መጻፉን እንደገና ከእሱ ነው የምጀምረው» አለችና ዘጋችው።

ፋይሉን ከፈትኩት። ዘይነባ ከታመመች ጀምሮ የምጠብቀው እኔ ነበርኩ፤ የማይሠራውን አስተካክያለሁ፣ አዳዲስ ቃል ጨምሬአለሁ፣ እሷ ያልተወችውን ማስታወሻ በየመስመሩ ጽፌአለሁ። ከመላኬ በፊት ከሥር «ግማሹን ያስተካከልኩት እኔ ነኝ» ብዬ ጻፍኩ። አየሁት። እውነት ነው፤ አንድ ቃል ውሸት የለበትም። አጠፋሁትና ኮዱን ብቻ ላክሁ።